ፓኒ ፑሪ የበላ ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆናችሁ ለጋብቻ ልጅ ልትጠይቁ ስትሄዱ መንገድ ላይ ምንም አትብሉ። ምንም! ይህን ምክር እኔ ያገኘሁት በምላሴ ነው። ምላሴም እስከ ዛሬ ጨውን ከስኳር ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል።

ዳላስ የመጣሁት ለእረፍት ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ናሆም "ጋሼ፣ ና፣ ቴክሳስን ላሳይህ" ብሎ ቲኬት ሲልክልኝ፣ ሰፊ ሜዳና ትልቅ ኮፍያ የደፋ ሰው አይቼ፣ ፎቶ ተነስቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው የተሳፈርኩት። ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርታማው ገብቼ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳልፈታ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና እጁን ማፍተልተል ጀመረ።

"ጋሼ፣ ማለቴ... ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ።"

"የት ነው የምሄደው?"

"ብሌን ቤት። አባቷን መጠየቅ አለብህ። ፕሊስ።"

ናሆም በልጅነቱ ስለመጣ አንቱታ የሚባለው ነገር ኤርፖርት ላይ ከጓዙ ጋር ጠፍቶበታል። እኔንም አንተ፣ ቄሱንም አንተ ነው የሚለው። ልቡ ግን ንጹሕ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ወንድ ዘመዱ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ "ፕሊስ" ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሌንን ያወቃት አርሊንግተን አብረው ሲማሩ ነው። እሷ ትወደዋለች። እናቷ ወይዘሮ የሺም ይወዱታል። የቀሩት አባቷ አቶ ተሰማ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የተላኩባቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። በመጀመሪያው ጊዜ፣ በንግግሩ መሃል ያንደኛው ሽማግሌ ስልክ ጮኸና "አንድ ጊዜ ይቅርታ" ብለው አነሱት። በሁለተኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ የቀረበላቸውን ጁስ ጭልጥ አድርገው ጠጡ። አቶ ተሰማ ቤት ይህ ወንጀል ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ የሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምስማ! ወግ የማያውቅ ቤተሰብም የእሳቸውን ልጅ አይወስድም።

"አንዴ ብቻ ይመለሱ ብሏል" አለኝ ናሆም። "ላስት ቻንስ። ብሌን ደግሞ አባቴ ካልመረቀን አላገባም አለች። ለዚህ ነው ከአገር ቤት ያስመጣሁህ።"

ለካ ቴክሳስን ሊያሳየኝ አይደለም! እዚህ አገር፣ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ሽማግሌ ሁሉን ወግ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኢንሹራንስ ቢሮ ቁጭ ብዬ የተጋጨ መኪና ጉዳት ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝ። የተቀጠቀጠ ፓራውልት አሳዩኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሽምግልና ግን ሄጄ አላውቅም። ራሴ ሳገባ እንኳ ከባለቤቴ ጋር ማዘጋጃ ቤት ገብተን ፈርመን ነው የወጣነው። ይህንን ለናሆም እንዴት ብዬ ልንገረው? "እሺ" አልኩና መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር ማጥናት ያዝኩ። ረጅም፣ የሚያምር ንግግር ነበር። የዛፍ ጥላ አለበት፣ የምንጭ ውሃ አለበት፣ ሰባት ቤት ዘመድ አለበት። አሁን አንድም መስመር አላስታውስም።

ቀኑ ደረሰ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ። ሦስት ሽማግሌ ይሄዳል ተብሎ አንደኛው መጋዘን ኦቨርታይም ገቡና እኔና አቶ ሽፈራው ብቻ ቀረን። አቶ ሽፈራው ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ጨጓራቸውን የሚያማቸውና ስለ ጨጓራቸው የሚያወሩ ሰው ናቸው። ከተነሳን ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ውሃ እንኳ እንዳይቀምሱ! ሰውየው ሆን ብለው ያቀርባሉ። አደራ፣ ሰማይ ቢደፋ እንዳይቀምሱ!"

"ኧረ ሰማሁ፣ አቶ ሽፈራው።"

የአቶ ተሰማ ቤት ኧርቪንግ ነው። መንገዱ ይዘጋል ብለን ቀድመን ወጣን፤ መንገዱ ደግሞ በዚያን ቀን ብቻ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። አቶ ተሰማ የዘገየ አይወዱም፣ ቀድሞ የመጣም አይወዱም። ስለዚህ ናሆም የሕንድ ሱቆች የተደረደሩበት አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ገባና ፓርክ አደረገ። እኔ ከጠዋት ቅዳሴ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሆዴ መጮኹን አቶ ሽፈራው ሰምተው ስለራሳቸው ጨጓራ እንደገና ጀመሩ።

ከሱቆቹ ፊት ለፊት ድንኳን ቢጤ ተተክሎ፣ ከሥሩ ሽበታም ሕንዳዊ ጋሪውን አቁሞ ቆሟል። ሰው ከቦታል። እንዴት እንደሚሸት ምን ልበላችሁ! ድምብላል ይሸታል፣ ከሙን ይሸታል፣ ናና ይሸታል፣ የተጠበሰ ሊጥ ይሸታል። በሁዳዴ ቅዳሜ እንዲህ የሚሸት ነገር ማቅረብ በሕግ መከልከል አለበት።

"ፓኒ ፑሪ ነው" አለ ናሆም። "ድንች፣ ሽንብራ ምናምን ነው። የጾም ነው፣ ጋሼ። ብሌን ሁሌ ትበላለች።"

የጾም ነው ካለኝ በኋላ ሌላውን አልሰማሁም። እሱ አዝዞልኝ ከፈለና ብሌን ኮል ስላደረገችለት ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ ከቅጠል የተሠራች ትንሽ ሳህን ይዤ ጋሪው ፊት ቆምኩ። አቶ ሽፈራው በጨጓራቸው ምክንያት አልበሉም፤ ታዛቢ ሆነው ከአጠገቤ ቆሙ።

ሕንዳዊው አየኝና "ስፓይሲ?" አለ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ የሚጀምረው። በዚህ ምድር ላይ አበሻን ቅመም ትችላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ደሜ ፈላ። ደረቴን ነፋ አድርጌ "ኢትዮጵያ! ሚጥሚጣ!" አልኩት፤ አውራ ጣቴንም ወደ ላይ አቆምኩለት። አቶ ሽፈራው "እሰይ!" አሉ። ሽማግሌው ሕንዳዊ ራሱን ወዲህና ወዲያ ወዘወዘ። እሺ ይሁን እምቢ ይሁን ሳላውቅ፣ ከጋሪው ሥር ሌላ እንስራ አወጣ።

ከዚያ ስስ፣ ክብ፣ ውስጧ ባዶ የሆነች የተጠበሰች ነገር አንስቶ በአውራ ጣቱ በሳት። ድንችና ሽንብራ ጠቀጠቀባት፣ በእንስራው ባለው አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ እየተንጠባጠበች ሳህኔ ላይ አስቀመጣት። በአንድ ጊዜ ሙሉዋን ነው የምትጎረሰው። ጎረስኳት። ኡኡ! ቀሽ ብላ ፈነዳች፤ ቀዝቃዛው ውሃ አፌን ሞላው። መጀመሪያ ናናው መጣ፣ ቀጥሎ ኮምጣጣው፣ ከዚያ ድንቹ በቀስታ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በጾም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ሽሮ ስበላ መኖሬ ቆጨኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሁለተኛዋ ሳህኔ ላይ ናት። ዋጥኳት። ሌላ መጣች። እሷንም ዋጥኳት። አሁን እኛ በምን ዓይነት ሕዝብ መካከል እንዳደግን እናንተ ታውቃላችሁ። ሰው በእጁ ሠርቶ፣ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ካጎረሳችሁ እንዴት ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ሰውየው እኮ ሳህን ሞልቶ ሰጥቶ ዞር አይልም። አንድ በአንድ ነው የሚያቀብለው፤ እስክትውጥም ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ጉርሻ ካልሆነ ምንድን ነው?

ትንሽ ቆይቼ፣ በአገሬ ደንብ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና "በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው በቃኝ የእውነት በቃኝ እንዳልሆነ ይታወቃል። እሱ ደግሞ ያመሰገንኩት መስሎት ደስ አለውና ሌላ ጨመረልኝ።

"ኧረ በቃኝ!"

ሌላ ጨመረ።

"አቶ ሽፈራው፣ ምን ላድርግ?"

"ሰውየው በእጃቸው እየሰጡዎት እንዴት ይመልሳሉ? ነውር ነው!" አሉኝ። እሳቸውማ ምን አለባቸው፣ እየበላሁ ያለሁት እኔ ነኝ።

ስንት እንደበላሁ አላውቅም። ብቻ የሆነ ጊዜ ላይ ከጆሮዬ ሥር ሙቀት ተሰማኝ። ያ አረንጓዴ ውሃ ለካ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው! የኛ ሚጥሚጣ ሲመጣ በፊት ለፊት በር ነው፤ ታየዋለህ፣ ትዘጋጃለህ። ይሄኛው ግን ቤት ውስጥ ከገባ፣ ከተቀመጠ፣ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ነው የሚያቃጥለው። ምላሴ ነደደ። ከንፈሬ አበጠ። ዓይኔ እንባ ማፍሰስ ጀመረ። ሕንዳዊው ደነገጠና ከበረዶ ሳጥን ውስጥ በኩባያ ነጭ ነገር አውጥቶ ዘረጋልኝ።

እጄን ስዘረጋ አቶ ሽፈራው ያዙኝ። "እርጎ ነው! ሁዳዴ ነው!"

መድኃኒቱ ፊቴ ነው፣ ጾሙ ደግሞ ይዞኛል። እግዜር በዚያች ደቂቃ ልቤን አይቶ ከሆነ ብዙ የሚያስተዛዝበን ነገር አለ። ናሆም በዚህ መሃል ጥሩምባ ነፋ፤ ሰዓቱ ደርሷል። መኪና ውስጥ "ውሃ! ውሃ!" አልኩ። የነበረው አንድ ጣሳ ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ጠጣሁት። እሳት ላይ ቤንዚን ቢያርከፈክፉ ይሻል ነበር።

"ጋሼ፣ ኦኬ ነህ?" አለ ናሆም በመስታወቱ እያየኝ።

"ኦኬ ነኝ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ደጃፉ ላይ አወረደንና፣ ደንቡ ስለማይፈቅድለት እዚያው መኪና ውስጥ ቀረ።

ወይዘሮ የሺ በሩን ከፍተው "ኑ ግቡ፣ ግቡ" አሉን። ሳሎኑ ገባን። እናንተዬ፣ መጀመሪያ ያየሁት አቶ ተሰማን አይደለም። ጠረጴዛው ላይ በረዶ የተሞላ፣ ሎሚ የተቆራረጠበት፣ ላብ ያወጣ የውሃ ጆግ ነው ያየሁት። ከአጠገቡ ድፎ ዳቦ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ልብስ ለብሰው ቀጥ ብለው የተቀመጡትን ሰው ያየሁት።

"ተቀመጡ" አሉ አቶ ተሰማ።

"ቆመን እንናገራለን" አሉ አቶ ሽፈራውና ጎሸም አደረጉኝ። ተራው የኔ ነው።

ያ ሁሉ የዛፍ ጥላ፣ ያ ሁሉ የምንጭ ውሃ የት እንደገባ እንጃ። ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ ሆነብኝ። እንባዬ እየወረደ፣ በአፍንጫዬ እየሳብኩ፣ "ልጃችን... ልጃችሁን... እባክዎን" አልኩ። ይኸው ነው ንግግሬ።

ወይዘሮ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ኧረ ተሰማ፣ ሽማግሌው እያለቀሱ ነው!"

አቶ ተሰማ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ጆጉን አነሱ፣ በብርጭቆ ቀዱ። በረዶው ብርጭቆው ውስጥ ሲንኳኳ እስካሁን ይሰማኛል። ብርጭቆውን አምጥተው ከፊቴ ዘረጉት። "ደክሞዎታል። ውሃ ይቅመሱ።"

እጄ ሳላዘው ሄደ። እውነቴን ነው፣ ራሱ ነው የሄደው። ብርጭቆውን ነካሁት፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ተሰማኝ። አቶ ሽፈራው በዚያ ከባድ የሥራ ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ። በመስኮት በኩል ናሆም ታየኝ፤ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቷል። እጄን መለስኩ።

"ጉዳያችን... መልስ ሳያገኝ... አንቀምስም።"

አቶ ተሰማ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ዳር ላይ፣ በትክክል ዓይኔ ሥር አስቀመጡት። ተመልሰው ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ። ስለምን እንዳትሉኝ! ቴክሳስ ሲገቡ ሙቀቱ እንዴት እንደነበረ፣ የመጀመሪያ መኪናቸው ማርሹ እንዴት ያስቸግራቸው እንደነበር፣ ያን ጊዜ ሰው እንዴት ይጠያየቅ እንደነበር። እኔ እግሬን እለዋውጣለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በአፌ አየር ስስብ ይባስ ያቃጥላል፤ በአፍንጫዬ ስስብ አፍንጫዬ ራሱ ተቃጥሏል። ስቅታም ጀመረኝ። በየስቅታው ወይዘሮ የሺ "ወይኔ ልጄን" እያሉ አብረውኝ ያለቅሳሉ።

ከዚያ አቶ ተሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብሌን አንድ ልጄ ናት። ትምህርት ቤት ሳመላልሳት ከኋላ ወንበር ሆና የቀኗን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። አሁን ይህን ቤት ለቃ ልትሄድ ነው። እናንተ ብትቸኩሉም እኔ አልቸኩልም።" ወደ ደረጃው ቀና ብለው አዩ። "ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

ከፋሲካ በኋላ! አቶ ሽፈራው ትከሻቸው ወረደ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰው ሁሉ ለልመና የተንበረከክሁ መስሎታል፤ ልንበርከክ ብዬ አልነበረም፣ እግሬ እምቢ ብሎ ነው። ወለሉ ላይ ከሆንኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የናሆም አባት ቢኖር ኖሮ እዚህ የሚቆመው እሱ ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ ምክንያት የልጁን ዕድል ላበላሽ ነው። ልቤ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የወረደው እንባ የፓኒ ፑሪ አልነበረም።

"አልነሳም!" አልኩ። "ልጁ አባት የለውም። ያለሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ካልሰጡን ከዚህ አልነሳም!" ሂቅ አልኩ።

አቶ ተሰማ ሊያነሱኝ መጡ። ጎንበስ ብለው ክንዴን ሲይዙ ዓይናቸው ሸሚዜ ላይ ወደቀ። ነጩ ሸሚዜ ላይ፣ ከክራባቴ ጎን፣ አረንጓዴ ጠብታ ተረጭቶበታል። ትንፋሼን አሸተት አደረጉ። ፊቴን አዩት፣ ከንፈሬን አዩት። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ አንቱታውን ሁሉ ትተው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

"ከጣፋጩ ውሃ ነው ወይስ ከጋሪው ሥር ካለው?"

"ከ... ከሥር ካለው።"

"ወይ አምላኬ!" አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይዘሮ የሺ ባላቸው እያለቀሱ መሰላቸውና ራሳቸውም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አቶ ሽፈራውም ምኑም ሳይገባቸው ተከተሉ። አቶ ተሰማ እኔን ይዘው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እውነትም እንባ ነበረው።

"እኚህ ሰው አሁን ምን እንደሚሰማቸው ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም" አሉ። "እንዲህ ሆነው ውሃዬን አልነኩም። ለልጃቸው ብለው አልነኩም። እንግዲህ ይህን የሚችል ቤተሰብ ልጄንም ይችልልኛል። ሰጥቻለሁ!"

ወይዘሮ የሺ እልልታቸውን አቀለጡት። ከላይኛው ፎቅ ብሌን ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እኔ ማንንም አላየሁም፤ ብርጭቆው ላይ ተወረወርኩ።

"ውሃ አይሆንም!" ብለው ጮኹ አቶ ተሰማ ከእጄ እየነጠቁ። "ይባስ ያቃጥላል! ዳቦ ስጡት፣ ዳቦ!"

ወይዘሮ የሺ ዳቦውን እየቆረሱ ባላቸውን አዩአቸው። "አንተ ደግሞ ዳቦ እንደሚሻለው በምን አወቅክ?"

አቶ ተሰማ አሳላቸው። ብዙ አሳላቸው።

አሁን ዳላስ ውስጥ ስሜ ገንኗል። ለእህቱ ልጅ ብሎ ውሃ እምቢ ያለው፣ ያለቀሰው፣ የተንበረከከው ሽማግሌ እኔ ነኝ። እስከ ፎርት ወርዝ ድረስ ለእኛም ይሂዱልን የሚሉ ሰዎች ናሆምን ኮል ያደርጉታል። አቶ ሽፈራውም በየደረሱበት "እግራቸውን ባልረግጣቸው ኖሮ" እያሉ ይተርካሉ፤ እውነት አላቸው።

የሆነውን በትክክል የምናውቀው እኔና አቶ ተሰማ ብቻ ነን። በዚያን ቀን ሲሸኙኝ በር ላይ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ለደም ግፊቴ በእግር እሄዳለሁ፤ የሺ እንደዚያ ነው የምታውቀው። ና፣ አብረን እንሂድ። እሱን ሰውዬ በቃኝ አይባልም፤ ሳህኑን ነው የምትመልስለት፣ አሳይሃለሁ። ሐኪም ጨው ከልክሎኛልና የሺ ከሰማች ግን ሰርጉ ቀረ!"

ሳቁን ጠበቅሁ፤ አልሳቁም።

ሰርጉ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ነው። እናንተ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች፣ በሞቴ፣ እስከዚያ ድረስ ኧርቪንግ አካባቢ ጮክ ብላችሁ እንዳታወሩት። ያን ያህል ተቃጥዬ ያገኘኋትን ልጅ በእናንተ አፍ ምክንያት አላጣም።